የረገበ መረብ፦ የአንድ ባጃጅ ሹፌር የፒንግ ፖንግ ጉዳይ

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር የተዘረጋች የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አለች። በጌም 10 ብር ነው፤ የሚከፍለው የተሸነፈ ነው። የባጃጅ ሹፌሩ ልጅ ለወራት ኪሱን አልነካም። ከመግሪብ በኋላ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ራኬቱን ከመቀመጫው ሥር ሲያወጣ፣ ተራ የያዙት "አቦ፣ መጣ ደግሞ!" ብለው ያጉረመርማሉ። ጠረጴዛዋ የእሱ ነበረች ማለት ይቻላል።

ኅዳር ላይ ከተማው ውስጥ በተደረገ የሰፈሮች ውድድር ተመዘገበ። በመጀመሪያው ዙር 3 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ፤ 11 ለ 6፣ 11 ለ 7፣ 11 ለ 5። ያሸነፈው ቀጭን ተማሪ ነው። ተማሪው የተለየ ጉልበትም ሰርቪስም አልነበረውም። የመጣለትን ይመልሳል፣ እንደገና ይመልሳል፤ የእኛው ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምት ኳሷን ራሱ መረብ ውስጥ ይከታታል።

እኔ ስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ማታ ማታ እዚያች ሻይ ቤት አልጠፋም። በማግስቱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና "ቲቸር፣ እጄን ምን ነካው?" አለኝ። ስሙ እንዳይወጣ ብቻ ለምኖኝ፣ ከዚያች ማታ እስከ መጋቢት የሆነውን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

የመጀመሪያ ምክሬ የትኛውም አስተማሪ የሚሰጠው ነበር፦ ድገም። ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታው ምት) ለፎርሃንድ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ፣ 100 ኳስ ሳይቋረጥ። ሰያፉን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ጠረጴዛው ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ ስፋቱ 1.525 ሜትር ስለሆነ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት 3.14 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰያፍ የሚመታ ሰው ቀጥታ ከሚመታው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ማረፊያ አለው ማለት ነው። አጋር ያደረግኩለት ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጨዋታው እስከ 21 በሚቆጠርበት፣ ኳሷም 38 ሚሊ ሜትር በነበረችበት ዘመን የለመዱ ሰው ናቸው። ኳሷ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 40 ሚሊ ሜትር ማደጓን፣ በ2001 ደግሞ ጌሙ ወደ 11 መውረዱን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። "11 ጨዋታ ነው እንዴ? ላብ ሳይወጣ የሚያልቅ!" ይላሉ። የእሳቸው ምት ግን አይቋረጥም፤ ከግድግዳ ጋር የምትጫወት ነው የሚመስልህ።

በመጀመሪያው ቀን ልጁ 31 ላይ አጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 112 ደረሰ። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም ሥራዬ ያለቀ መሰለኝ። በዚያው ቅዳሜ ሳቢያን ሰፈር አንድ ወዳጃችን ግቢ ሄደን ተጫወተ። እንደ ውድድሩ ሆነ፤ ሦስተኛ ምት፣ አራተኛ ምት፣ መረብ። እንዲያውም ባሰበት፣ ምክንያቱም አሁን 112 መምታት እንደሚችል ያውቃል፤ እያጠፋ በራሱ ይናደዳል።

ያን ማታ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ እሱን ያለማመድኩት ለጨዋታ አልነበረም፤ ከጋሼ እጅ በአንድ ፍጥነት፣ ወደ አንድ ቦታ ለምትመጣ ኳስ ነበር። ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያለች ኳስ ሁለት ጊዜ ተከታትላ አትመጣም። ሁለተኛ፣ ኳሷ የት እንደምትጠፋ ሳላውቅ መድኃኒት አዝዣለሁ።

ስለዚህ የተማሪ ደብተር ገዝቼ መቁጠር ጀመርኩ። ሰርቪስ ላይ የሚጠፋውን ትቼ፣ በቅብብል መሀል የሚያጠፋትን እያንዳንዷን ኳስ በአራት መደብኩ፦ መረብ፣ ረጅም (ከማዶው ጠርዝ ያለፈች)፣ ጎን (በጎን የወጣች)፣ ያልተነካች (ራኬቱ ያልደረሰባት)። በስንተኛው ምት እንደሆነም በአጠገቡ አሰፍራለሁ። የመዘገብኩት ሳቢያን በሦስት ምሽት ነው፤ 60 ኳስ ሞላ። 34 መረብ፣ 15 ረጅም፣ 6 ጎን፣ 5 ያልተነካች። አብዛኛው የጠፋው በሦስተኛውና በአራተኛው ምት ነው።

ከግማሽ በላዩ መረብ! ገንደ ቆሬ ላይ ስቆጥር ግን መረቡ ከረጅሙ ያነሰ ነበር። ያው ልጅ፣ ያው ራኬት፣ ያው ምት። ልዩነቱ ሰውየው ላይ እንዳልሆነ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ አልጠረጠርኩም። "ሰው ፊት ይፈራል" ብዬ አለፍኩት። ሰነፍ አሰልጣኝ ምክንያት ሲያጣ ፍርሃት ይላል።

መልሱን ያገኘሁት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። የጠረጴዛው ቁመት 76 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዝቅ ባለው በርጩማ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ከጠረጴዛው ፊት ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። ከኒሙ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው አምፖል ከመረቡ ማዶ ነበርና የመረቡን አናት በጥቁር መስመር አሳየኝ። መስመሩ ቀጥ ያለ አልነበረም። መሀሉ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው አዩና "ሆዱ ወርዷል" አሉ፤ ቀጥለውም እንደ ቀልድ "እኔ እኮ ስንት ዓመት ነው የማየው" ብለው ጨመሩ።

ማስመሪያ አስመጣን። ደንቡ የመረቡ አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ 15.25 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይላል። ምሰሶዎቹ አጠገብ ልክ ነው። መሀሉ ላይ 13 ነው። ዋናው ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ በማዳበሪያ ከረጢት ገመድ ተተክቶ፣ ሰው ሁሉ ራኬቱን እያስደገፈበት፣ ሕፃናት እየጎተቱት ነው ለዚህ የበቃው።

ሁለት ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ያጎድላል? ሲባጎ አመጣሁ። አንዱን ጫፍ በማዶው የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በጣቱ እንዲይዝ ለአንድ ልጅ ሰጠሁት። ሲባጎውን በመረቡ አናት ላይ አሳልፌ ወጥሬ ወደ እኛ ጠርዝ ሳብኩት። መረቡ በጠረጴዛው መሀል ስለሚቆም፣ ክሩ እኛ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቁመቱ የመረቡ እጥፍ ይሆናል፦ 30 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ፣ አንድ ስንዝር ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ባለ ባጃጁን "ና፣ ራኬትህን እዚህ ክር ላይ አስጠጋ" አልኩት። "ከዚህ ክር በታች ያለችን ኳስ በጉልበት ቀጥ አድርገህ ብትመታት ወይ መረቡን ትመታለች ወይ ከጠረጴዛው ታልፋለች። ሦስተኛ መንገድ የላትም።"

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ናት፣ ስበትም ወደ ታች ያጎብጣታል፤ ስለዚህ ክሩ ከእውነቱ ጠበቅ ያለ ዳኛ ነው። ቀስ ያለች ኳስ ከክሩ በታች ተነሥታም ጎብጣ ትገባለች። ፍጥነቷ እየጨመረ በሄደ ቁጥር ግን መንገዷ ወደ ክሩ ይጠጋል፤ ይህ ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ መምታት አያውቅም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱት። መረቡ 13 ሲሆን ክሩ እኛ ጠርዝ ላይ 26 ሳንቲ ሜትር ነው። ገንደ ቆሬ ላይ ልጁ ከ26 ጀምሮ ያገኛትን ሁሉ እየጨፈጨፈ ነጥብ ሲያገኝ ኖሯል። ልክ ባለው መረብ ላይ ከ26 እስከ 30 ያሉት ኳሶች በሙሉ ይሞታሉ። እጁ በትክክል ተምሯል፤ የተማረው ግን የተሳሳተ ቁመት ነው። የሚያስቀው ደግሞ ምክሬ ነገሩን ማባባሱ ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የምትሄድ ኳስ መረቡን የምታልፈው በመሀሉ፣ ማለትም ሆዱ በወረደበት ቦታ ነው። "ሰያፍ ምታ፣ እሱ ይሻላል" እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጉድጓዱ ውስጥ አሳለፍኩት።

መረቡን ለማጥበቅ አዲስ ገመድና አሥር ደቂቃ በቂ ነበር። ለሰው ማስለመዱ ግን ቀላል አልሆነም። የመጀመሪያዋ ማታ ሁሉም ሰው መረብ ላይ ቀረ፤ ጫጫታው አይጣል ነው። "ማነው ከፍ ያደረገው?" "ቲቸር ጠረጴዛውን አበላሹት!" የሻይ ቤቷ እናት ተቆጥተው "ደንበኛዬን ልታባርር ነው?" አሉኝ። ከካርቶን 15.25 ቆርጬ ከመረቡ ጎን አቁሜ አሳየኋቸው፤ የካርቶኑን ቁራጭ እንጂ እኔን አላመኑም። ያለ ቅሬታ የተጫወቱት ጋሼ ብቻ ናቸው። እሳቸው ከመጀመሪያውም ኳሷን ከመረቡ አንድ ጡጫ ያህል ከፍ አድርገው ነው የሚያሳልፉት፤ መረቡ ወረደ ወጣ አይገዳቸውም።

የልጁ ችግር በዚህ አላለቀም። ክሩ አንድ ጥያቄ አመጣ፦ ከክሩ በታች የምትመጣዋን ምን ላድርጋት? መልሱ ቶፕ ስፒን ነው። ራኬቱን ከኳሷ በታች ጀምሮ ወደ ላይ እየፈተጉ መምታት ኳሷን ወደ ፊት ያሽከረክራታል፤ ወደ ፊት የምትሽከረከር ኳስ ደግሞ አየሩ ወደ ታች ስለሚገፋት ከመረቡ ከፍ ብላ አልፋም በጊዜ ትወርዳለች። ማለፊያዋ ይሰፋል ማለት ነው፤ ጠባብ ክር መሆኑ ቀርቶ መስኮት ይሆናል። ልጁ ይህንን ሞከረ፤ ኳሷ ግን ከራኬቱ ላይ እየተንሸራተተች መረብ ውስጥ ገባች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። "እንቢ አለኝ፣ ቲቸር።"

ራኬቱን ተቀበልኩት። ጎማው ላይ አውራ ጣቴን ሳሳልፍ ጣቴ ገረጣ፤ የድሬ አቧራ። ቀኑን ሙሉ ከባጃጁ መቀመጫ ሥር፣ ከጨርቅና ከመፍቻ ጋር፣ በዚያ ሙቀት ነው የሚውለው። አቧራ የለበሰ ጎማ ኳስ አይዝም፤ መፈተግ ብሎ ነገር የለም፣ መንሸራተት ብቻ። ሙቀቱም ጎማውን ያደርቀዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩትና በጥላ አደረቅኩት፤ ከዚያ ኳሷን በጎማው ላይ ተጭኜ ራኬቱን አጋድዬ አሳየሁት። ከመጥረጌ በፊት እንደ መስታወት ትንሸራተት ነበር፤ አሁን ያዝ አድርጋ ለቀቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራኬቱ የሚውለው ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ በስኳር ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። የሁለት ወር ጥረት ከአንድ ፌስታል ጋር ይያያዛል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ኳሶቹንም ፈተሽናቸው። ከሱቅ ከመጡት ስድስት ኳሶች ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ሲንከባለሉ ወደ ጎን ይታጠፋሉ፤ ክብ አይደሉም ማለት ነው። ጣልናቸው። ከጠረጴዛው አንደኛው ማዕዘን ደግሞ ውኃ የጠጣ ነው። ደንቡ ኳስ ከ30 ሳንቲ ሜትር ስትወርድ 23 ያህል ትንጠር ይላል፤ በስልክ ቀርፀን ስናየው እዚያ ማዕዘን ላይ 18 እንኳ በቅጡ አትሞላም። እሱን ማስተካከል አቅማችን አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ በየጌሙ ጎን ስለሚቀያየሩ ግፉ ለሁለቱም እኩል ነው ብለን ተውነው።

ቀጥሎ የመጣው የእጁ ነገር ነው። ልጁ ራኬት የሚይዘው እንደ ባጃጅ መሪ ነው። በቀኝ እጁ ነዳጅ ሲጠመዝዝ ይውላል፤ ማታ ሲመጣ ክንዱ ከክርን በታች ድንጋይ ነው። ጥብቅ ብሎ የተያዘ ራኬት ፊቱ አይለዋወጥም፣ አይፈትግም፤ ይገፋል ብቻ። "ወደ ደቻቱ ቁልቁል ነዳጅ ለቀህ ስትወርድ መሪውን እንዴት ነው የምትይዘው?" አልኩት። ጥቂት አሰበና "መንካት ብቻ" አለ። "እንደዚያ።" ስለ ጡንቻ ብነግረው ኖሮ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር።

ልምምዱንም ቀየርኩ። መቶውን ተውነው። ጋሼ ሁለት ቦታ ብቻ ይመልሳሉ፤ ወይ ፎርሃንዱ ላይ፣ ወይ ባክሃንዱ (በእጁ ጀርባ በኩል ያለው) ላይ። የትኛው እንደሚሆን አስቀድመው አይናገሩም። ልጁ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከመታ በኋላ ራኬቱን ወደ ደረቱ ፊት መመለስ፤ ጋሼ ኳሷን ሳይነኩ በፊት እግሩን አንዴ ነጠር አድርጎ ማረፍ። ሌላው ሥራ ዓይኑ ነው፤ ኳሷ ስትነጥር "ላይ" ወይም "ታች" ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ማለትም ከክሩ በላይ ወይም በታች። "ላይ" ያላትን ይመታል፤ "ታች" ያላትን ይፈትጋል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲባጎውን ጎን ላይ ወጥሬ ትቼለት ነበር። ስድስትና ሰባት ምት ሲደርስ ቆመን እንጀምራለን፤ ከዚያ በላይ አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ የማያስደስት ነገር ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ተባብሶበት ነበር። "ላይ" እያለ ይፈትጋል፤ "ታች" እያለ ይጨፈጭፋል። ከዚህ በፊት ያሸንፋቸው የነበሩ ልጆች እያሸነፉት 10 ብር ይከፍላል። አንድ ማታ ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። አራት ቀን አልመጣም። በአምስተኛው ሲመጣ ማንም ምንም አላለውም፤ ጋሼ ብቻ ኳሷን አንሥተው "ላይ ነው ታች?" አሉት። ሳቀ።

በየመሀሉ ያየሁት ሌላም ጥፋት አለ። ሲጨንቀው ወደ ኋላ ይሸሻል። ወደ ኋላ መሸሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ክሩን ግን ከፍ ያደርገዋል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ብትቆም ሲባጎው 42 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኳሷ ደግሞ እዚያ ስትደርስ ወርዳ ነው የምታገኛት። ከኋላ መጨፍጨፍ ለእሱ የተከለከለ ሆነ፤ ከኋላ ከሆነ ፈትግ፣ ከፍ አድርግ፣ ተመለስ።

በየካቲት አጋማሽ ደብተሩን ይዤ እንደገና ሳቢያን ሄድን። ያው ጠረጴዛ፣ ያው 60 ኳስ። መረብ 17፣ ረጅም 24፣ ጎን 9፣ ያልተነካች 10። መረቡ በግማሽ ወረደ፤ ረጅሙ ግን ጨመረ። ከፍ አድርጎ ማሳለፍ የለመደ ሰው አንዳንዴ በጣም ከፍ ያደርጋል፤ ጎማው ሳይይዛት የቀረች ኳስም ሳትወርድ ታልፋለች። ያልተነካችም ጨመረች፤ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ነው የወሰድኩት፣ ምክንያቱም ተጋጣሚው አሁን ነጥብ ለማግኘት እሱ እስኪሳሳት መጠበቅ ትቶ ራሱ ጠንከር ያለ ኳስ መምታት ግድ ሆኖበታል። ስንተኛው ምት ላይ እንደሚያጠፋ ሳይ፣ ቀድሞ ሦስትና አራት ላይ የተከመረው ቁጥር አሁን ወደ አምስትና ስድስት ተዘርግቷል። ስለ ፍጥነቱ ከጠየቃችሁኝ፣ ቀንሷል። ተመልካች እንደ ድሮው አያጨበጭብለትም።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሌላ የሰፈሮች ውድድር ነበር። ከጨዋታ በፊት በጠረጴዛው ላይ እስከ 2 ደቂቃ መለማመድ ደንቡ ይፈቅዳል። ልጁ የመጀመሪያዋን ግማሽ ደቂቃ ኳስ ሳይመታ አሳለፈ፤ ከኪሱ ያቺን የካርቶን ቁራጭ አውጥቶ መረቡ መሀል አቆማት። ረግቧል። ዳኛውን "ጋሼ፣ ይጠበቅልን" አለ። ዳኛው ካርቶኗን አየ፣ ልጁን አየ፣ ሳቅ እያለ ጠመዘዘው። ተጋጣሚው ሲያጉተመትም ሰማሁ።

የመጀመሪያውን ዙር 3 ለ 1 አሸነፈ። በሁለተኛው 2 ለ 2 ደርሰው በአምስተኛው ጌም 11 ለ 9 ተሸነፈ። የመጨረሻዋ ቅብብል ረጅም ነበረች፤ ስምንተኛው ምቱ ላይ ከክሩ በታች የመጣችን ኳስ እንደሚገባት ፈተጋት፣ ከመረቡ ከፍ ብላ አለፈች፣ የማዶውን ጠርዝ በጣት ስፋት ሳታ ወለል ላይ ወደቀች።

እጅ ተጨባብጠው ሲያበቁ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ እኔ ወደተቀመጥኩበት መጣ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ተዘግቶ ነበር።

"ቲቸር፣ ይጻፏት" አለኝ። "ስምንተኛ፣ ረጅም።"